ነጭ ደመና የሚያወጣና የሚጣበቅ የጣውላ ወለል እንዴት ጠራ

ፒያሳ፣ የቆየ ቤት፣ ሰም የሚቀባ ጣውላ። በተወለወለ ማግስት ነጭ ደመና ይወጣበታል፣ ካልሲ ይይዛል፣ መተላለፊያው ላይ ይጠቁራል።

ሙቅ ውሃና የዱቄት ሳሙና ቆሻሻውን አላስለቀቁም፤ ጣውላው ውሃ ጠጥቶ ቃጫው ተነሣ፣ ነጩም ባሰ። በረኪና እንጨቱን አዥጎረጎረው። አዲስ ሰም ሲደረብ ጥቂት አብርቶ ይበልጥ ተጣበቀ፤ ችግሩ ራሱ ተደራርቦ አቧራ የያዘው ሰም ነበርና።

መጀመሪያ ይህን አጣሩ፦ ጥጥ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) ነክራችሁ ጥግ ላይ እሹ። ጥጡ ቡናማና የሚያጣብቅ ከሆነ ሰም ነው። ንጹሕ ከወጣ ግን ላዩ ቫርኒሽ ሊሆን ስለሚችል ከታች ያለውን ዘዴ አትሞክሩ።

የሠራው እንዲህ ነው። መስኮት ተከፍቶ፣ ከሰልና እጣን ከቤት ወጥቶ፣ ጓንት ተደርጎ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ብቻ አኳራጅ በጨርቅ ይቀባል። 3 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ባለ 0000 (በጣም ደቃቅ) በሆነ የብረት ሱፍ በቃጫው አቅጣጫ ይታሻል (የድስት መፈግፈጊያ ይቧጥጣል)። ወሳኙ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ሳይደርቅ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ። ከደረቀ የሟሟው ሰም ተመልሶ ይረጋል። ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ ይደገማል። ያገለገሉትን ጨርቆች አትከምሩ፤ ራሳቸው ግለው ሊነዱ ስለሚችሉ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁ።

አንድ ቀን አድርቆ በጣም ስስ ሰም፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሱፍ ጨርቅ መወልወል። ከዚያ ወዲህ መጥረግና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃዋል፤ በክረምት ደግሞ በር ላይ ጆንያ ይነጠፍ።