ጀርመን አዲስ ለገባችሁ፦ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ለሦስት ሳምንት እረፍት መጥቼ ስልኬ ግን አላረፈም። ካሰል ያለው የአክስቴ ልጅ፣ ሽቱትጋርት ያለው አብሮ አደጌ፣ ባለፈው ዓመት ቤተሰቡን አስመጥቶ የቤት መኪና የገዛ አንድ የሰኞ ገበያ ልጅ፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጎማዬ አልቋል፣ የትኛውን ልግዛ?» ትናንት ቡናው ቶና ሳይደርስ ሦስት ጊዜ ተደወለ። እናቴ «ጀርመን የሄድከው ጎሚስታ ልትሆን ነው እንዴ?» አለችኝ። አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለሚደውል ሁሉ ይሄንኑ እልክለታለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። «የክረምት ጎማ» ሲባል የኛን ሐምሌና ነሐሴ እንዳታስቡ። የጀርመን ክረምት በረዶው ነው፤ እኛ ዝናብ በምንጠብቅበት ሐምሌ እነሱ በበጋ ጎማ ነው የሚነዱት። አገሬው «ከኦ እስከ ኦ» ይላል፤ ከኦክቶበር እስከ ኦስተርን፣ ማለትም እስከ ፋሲካቸው። ሕጉ ግን ቀን አልቆረጠም። መንገዱ በረዶ ወይም ውርጭ ከያዘ የክረምት ጎማ ሊኖርህ ይገባል፣ በቃ። ሳይኖርህ ከተያዝክ 60 ዩሮና አንድ የጥፋት ነጥብ ነው። መንገድ ከዘጋህ ወይም አደጋ ካደረስክ ቅጣቱ ይጨምራል። መኪናውን ያዋሰህ ባለቤትም ለብቻው ይቀጣል። «የጓደኛዬ መኪና ነው» የምትሉ ይሄን ልብ በሉ።

የክረምት ጎማ መሆኑ የሚታወቀው በምልክቱ ነው። ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ አለ፣ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት። የደሴውን ጦሳ ተራራ ሕፃን ልጅ የሳለው ይመስላል። ድሮ «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ብቻ ይበቃ ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ አይበቃም። ያገለገለ ጎማ የሚሸጡ ሰዎች ግን ዛሬም «ኤም ፕላስ ኤስ አለው» እያሉ ይሸጣሉ፤ የሚገዛቸውም የኛው ሰው ነው። ተራራው ከሌለ ጥላችሁ ሂዱ።

ልኩን ከሊብሬው ላይ ታገኙታላችሁ። 15.1 የሚል ቁጥር ያለበት መስመር የፊት ጎማ ነው፣ 15.2 የኋላ። ለምሳሌ 205/55 አር 16 91 ቪ ይላል። 205 ስፋቱ በሚሊሜትር፣ 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 16 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 91 ደግሞ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ቪ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳል። ፍጥነቱን ተዉት፣ በክረምት ጎማ ላይ ዝቅ ያለ ፊደልም ይፈቀዳል፤ ሹፌሩ ፊት ለፊት የጎማውን የፍጥነት ጣሪያ የሚያስታውስ ተለጣፊ መለጠፍ ብቻ ነው። የሸክሙ ቁጥር ላይ ግን ቀልድ የለም። ፍራንክፈርት ሰርግ ሲኬድ አምስት ሰው፣ ሁለት ሳጥን ቢራና አንድ ትልቅ ድስት ዶሮ የሚጭን ሕዝብ ነን። ሊብሬው ላይ ካለው ያነሰ ቁጥር አትግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ እኔን ወዳቃጠለኝ።

በፈረንጆቹ 2019 ነው። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ በረዶ ሊጥል ነው ተባለ፣ ጎማ የሚቀይሩት ቤቶች ሁሉ ቀጠሯቸው ሞልቷል። አንድ ሰውዬ አራት የክረምት ጎማ ከነቸርኬው በ160 ዩሮ እሸጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ሄድኩ። ጨለምለም ያለ ጋራዥ ውስጥ ደርድሯቸዋል። ብልጥ ነኝና የሁለት ዩሮ ሳንቲም አወጣሁ። የሳንቲሙ ዙሪያ ያለው ብርማ ቀለበት አራት ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ጥርሱ መሃል ስታስገቡት ቀለበቱ ከተዋጠ ጎማው ለክረምት ደህና ጥርስ አለው ይባላል። ሕጉ የሚጠይቀው 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ለክረምት አራት ይመከራል። የኔው ቀለበት ከነምልክቱ ተዋጠ! እንደ ፒያሳ ነጋዴ ተከራክሬ 130 አደረስኩት። መንገዱን በሙሉ እያፏጨሁ ተመለስኩ።

ጃንዋሪ ላይ፣ እሁድ ጠዋት፣ ስስ በረዶ ጥሏል። ልጆቹ ከኋላ ናቸው። አደባባይ ስገባ ፍጥነቴ 30 አይሞላም። መሪውን አዞርኩ፣ መኪናው አልሰማኝም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ልጄ «አባዬ ደረስን?» አለችኝ።

ጋራዥ የተቀበለኝ ሰውዬ መኪናውን አነሳና የጎማውን የውስጥ ጎን በጨርቅ ጠረገ። ባትሪ አበራበት። ዲ ኦ ቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ 2309 ይላል። የ2009 ዓመት 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። «ከልጆችዎ በዕድሜ ይበልጣል» አለኝ። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ላስቲኩ ግን ደርቆ ፕላስቲክ ሆኗል። በረዶ የሚይዘው ላስቲኩ ሲለሰልስ ነው፤ የደረቀ ጥርስ ምን ያደርጋል። ቀኑ ያለበት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ይታተማል፣ የኔው ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። እዚያ ጋራዥ ውስጥ አገላብጬ አላየሁትም።

በዚህ አላበቃም። በጸደይ የቲዩፍ ምርመራ ደረሰ። እንደኛ አገር የቦሎ ምርመራ ነው፣ ሁለት ዓመት እየቆየ የሚመጣ። ያንኑ ቸርኬ ይዤ ሄድኩ። መርማሪው የቸርኬውን ወረቀት ጠየቀኝ። የምን ወረቀት? ለመኪናዬ ያልተፈቀደ ቸርኬ ኖሯል። ደግሞ ቸርኬው ውስጥ የንፋስ መለኪያ ሴንሰር የለም። ከኖቬምበር 2014 ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ ሆኖ የተመዘገበ የቤት መኪና የጎማ ንፋስ ሲቀንስ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት አለው። በብዙ መኪና ላይ ሴንሰሩ ያለው ቸርኬው ውስጥ ነው። ሴንሰር የሌለው ቸርኬ ስትገጥም ቢጫው መብራት ይበራል፣ ምርመራውም ላይ ጉድለት ሆኖ ይመዘገባል። እኔ መብራቱን ለወራት «ይጠፋል» ብዬ አልፌው ነበር። አስተካክልና በወር ውስጥ ተመለስ ተባልኩ። የተጣመመውን ቸርኬ፣ አዲሱን ጎማ፣ ሴንሰሩንና የድጋሚ ምርመራውን ስደምር ከ700 ዩሮ አለፈ። የ130 ዩሮዋ ጉዳይ ይቺ ናት።

ካሰል ያለው የአክስቴ ልጅ ይሄን ታሪክ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ቁጥሩን አነበብኩ፣ 2516 ነው። የ2016 ጎማ፣ ገና አዲስ!» አለኝ። በኛ አቆጣጠር አስቦት ነው! ሁለተኛውን ጥንድ ቁጥር በፈረንጅ አንብቡት፣ አደራ። የ16 ጎማ ዛሬ የጡረታ ዕድሜው ላይ ነው። ለተራ የቤት መኪና ሕጉ የዕድሜ ጣሪያ አላስቀመጠም፤ እኔ ግን ከአራት ዓመት ያለፈ ያገለገለ ጎማ በነፃ ቢሰጠኝም አልወስድም።

ለምን እንደምንሳሳት የገባኝ ከሦስት ቀን በፊት ኮምቦልቻ ወርጄ ነው። ከደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ከተማው እንደገባሁ የወንድሜ መኪና አንዱ ጎማ ተነፈሰ። ከጅቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት አካባቢ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ አገኘሁ። «ጋሼ፣ አሮጌ ጎማ ሲገዙ ምኑን ነው የሚያዩት?» አልኳቸው። አውራ ጣታቸውን ጥርሱ መሃል ከተቱ። «ጥርሱን ነዋ፣ ሌላ ምን አለው?» የጀርመኑን ነገር አጫወትኳቸው። ሳቁና «ላስቲክ እንደ እንጀራ ነው ልጄ፣ ሲያድር ይደርቃል። እኛ ጋ ግን ማን ያሳድረዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ድንጋዩና ሙቀቱ ጎማውን ሳያረጅ ይጨርሰዋል። እዚያ ሳያልቅ ያረጃል። እኛ የሄድነው የሐረጎን ዓይን ይዘን ነው።

አዲስ ስትገዙ የአውሮፓው መለያ ወረቀት አለ፤ ከኤ እስከ ኢ ደረጃ ይሰጣል። አንዱ ስለ ነዳጅ ነው፣ አንዱ በእርጥብ መንገድ ላይ ስለ መያዝ። እኔ እርጥቡን ነው የማየው፣ ከቢ በታች አልወርድም። የታወቀው ውድ ስም ግዴታ አይደለም፣ መካከለኛው ይበቃል። የአውቶሞቢል ክለቡ አዴአሴ በየዓመቱ የጎማ ፈተና ያወጣል፤ ጀርመንኛ ባታነቡም ሰንጠረዡን ልጆቻችሁ ያነቡላችኋል።

ለሁሉም ወቅት የሚሆን ጎማስ? ተራራው ካለበት ሕጋዊ ነው። ከተማ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ለሚመለስ ሰው እሱን እመክራለሁ፤ በዓመት ሁለቴ ጎማ ከማስቀየርና ማስቀመጫ ከመፈለግ ይገላግላል። ሽቱትጋርት ያለው ጓደኛዬ ግን ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ይዞ ጥቁር ደን ተራራ ላይ ይወጣል። እሱ ሁለት ስብስብ ይግዛ፣ አይከራከረኝ።

ሁለት ጎማ ብቻ የምትቀይሩ አዲሶቹን ከኋላ አስገጥሙ። በአንድ አክሰል ላይ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ይሁን። ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ቡሎኖቹን እንደገና አስጠብቁ። የንፋሱ ልክ በሹፌሩ በር ጠርዝ ወይም በነዳጅ መሙያው ክዳን ላይ ተለጥፏል፤ ጎረቤት አትጠይቁ። ቀጠሮውን በሴፕቴምበር ያዙ፣ በረዶ ሲጥል አገሩ ሁሉ ይሰለፋል።

ስለ መንጃ ፈቃድ ደግሞ በዚያው ልናገር። ኑሯችሁን እዚያ ካደረጋችሁ የኢትዮጵያው የሚያገለግለው ስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ታልፋላችሁ። አዎ፣ ቢሮው ያመላልሳል። የኔ ጉዳይ አንድ ማኅተም ጎደለ ተብሎ ወር ቆይቷል። ግን ሰባተኛው ወር ላይ መሪ ይዞ «አላወቅሁም» የሚል ሰው የባሰ ያበግነኛል።

ይሄን ጽፌ ልጨርስ ስል ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሌላ ጎማ አግኝቷል፣ ፎቶውን ልኮልኛል። ከፈትኩት። አጉልቶ፣ አጥርቶ፣ በሁለት ዩሮ ሳንቲም አስጊጦ ጥርሱን ነው ያነሳው።