በድረ ገጽ ቴምፕሌት ላይ ፊደል ሲበላሽ፦ ችግሩና መፍትሔው

የቴምፕሌቱ (የገጹ ቅርጽ የተጻፈበት) ፋይል በዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይር ሥርዓት) መቀመጡን አስቀድማችሁ አይታችኋል ብዬ እነሣለሁ። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከታየ የጎደለው ፎንት ስለሆነ ኢንኮዲንጉን አትንኩ። ገጹ በሙሉ ከተበላሸ የሰርቨሩን ሄደር (ሰርቨሩ ከገጹ አስቀድሞ የሚልከውን መግለጫ) ተመልከቱ፤ በሄደሩ የተጠቀሰው ኢንኮዲንግ የሜታ ታጉን (በገጹ ኮድ አናት ላይ ኢንኮዲንጉን የሚናገረውን መስመር) ስለሚሽር ታጉን ደጋግሞ መቀያየር ከንቱ ድካም ነው። ሄደሩ ምንም ካልጠቀሰ ታጉ በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ መገኘት አለበት።

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ግን ግማሹ ደህና፣ ግማሹ የተበላሸ ገጽ ነው፦ በቴምፕሌቱ ላይ በቀጥታ የተጻፈው ርእስ በትክክል ሲነበብ፣ ከዳታቤዝ የመጣው ጽሑፍ ጭረት የተጫነበት የላቲን ትንሹ «ኤ» (á) በየመካከሉ የሚመላለስበት የምልክት ጋጋታ ይሆናል። አማርኛ የሚጻፍባቸው ፊደላት በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይወስዳሉ፤ የመጀመሪያው ባይት 225 ነው፣ ላቲን-1 የሚባለው፣ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል የሚያነበው የቆየ ኢንኮዲንግ ደግሞ 225ን የሚያነበው ያንኑ «ኤ» አድርጎ ነው።

አንድ ጊዜ የጠገንኩት ገጽ ለረጅም ጊዜ ያለ እንከን ሲሠራ የቆየ ነበር። ፕሮግራሙ ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር በላቲን-1 እየተገናኘ ሲጽፍም ሲያነብም ያንኑ ስሕተት ስለሚሠራ፣ አንዱ ሌላውን እየሸፈነው ማንም ልብ አላለውም። አዲስ ቴምፕሌት ተሠርቶ ግንኙነቱ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (በማይኤስኪውኤል የሙሉው ዩቲኤፍ-8 ስም) ሲከፈት የቀድሞው ጽሑፍ ሁሉ ተበላሸ፣ አዲስ የገባው ግን ደህና ሆነ። ባለቤቱም ቴምፕሌቱን ወቅሶ በየቦታው ወደ ላቲን-1 የመቀየሪያ ፈንክሽን ሰካበት፤ አሮጌው ተስተካከለ፣ አዲሱ ወደ ጥያቄ ምልክት ተለወጠ! እንዲህ ያለውን መላ ጥገና ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

መፍትሔው ቴምፕሌቱ ውስጥ አይደለም። የተሰካውን ፈንክሽን አውጡ፣ የዳታቤዙን ቅጂ ያዙ፣ ግንኙነቱን በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ክፈቱ፤ በማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» ብቻ የሚባለው ለአንድ ምልክት ከ3 ባይት በላይ ስለማይዝ ኢሞጂ አይቀበልም። ከዚያ በሄክስ ፈንክሽን የተቀመጡትን ባይቶች እዩ፤ በአማርኛ ፊደል የሚጀምር ጽሑፍ በ225 (በሄክስ E1) ከጀመረ ደህና ነው፣ በ195 (በሄክስ C3) ከጀመረ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ተደርጓል። የተበላሹትን ረድፎች ብቻ ወደ ላቲን-1፣ ከላቲን-1 ወደ ባይነሪ፣ ከባይነሪ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መልሱ። ይህን በደህናው ረድፍ ላይ አታሂዱ፣ በተስተካከለውም ላይ አትድገሙት፤ ፊደሉ በላቲን-1 ቦታ ስለሌለው ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል፣ ዳታቤዝ ውስጥ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠውንም ከያዛችሁት ቅጂ በቀር የሚመልሰው የለም።