ፍራፍሬ ለመቅረጽ መጀመሪያ ቢላችሁን እዩ

ፍራፍሬ ቀርጾ ሳህን ላይ መደርደር ሲያዩት የእጅ ተሰጥኦ የሚጠይቅ ይመስላል። ብዙም አይጠይቅም። ብዙ ሰው የሚያቅተው ቢላው ስለዶለዶመ ወይም ፍሬው ከልክ በላይ ስለበሰለ ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ እጄን ነበር የምረግመው።

ትልቁን ቢላ ለሐብሐብ አቆዩት። ለሌላው ሁሉ ስለቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጫፉ የሾለ ትንሽ ቢላ ይበቃል። የተሳለ ቢላ ያስፈራል፤ ግን ጣት የሚቆርጠው ብዙውን ጊዜ የዶለዶመው ነው። ልጣጩን አልበሳም ሲል እንጫነዋለን፣ ስንጫነው ያዳልጠዋል፣ ካዳለጠው ደግሞ ማረፊያው ፍሬውን የያዝንበት እጅ ነው። ቲማቲም ላይ ሞክሩት። ሳትጫኑት ልጣጩን ካልቆረጠ ይሳል። ከመክተፊያው ሥር እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ እንዳይንሸራተት።

ፍሬው የበሰለ ግን ጠንከር ያለ ይሁን። ጣት ሲነካው ስርጉድ የሚል ከሆነ ለጁስ ነው የሚሆነው። ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ፍሬ ስለሚጠነክር ለመቅረጽ ይመቻል። ልጣጩን የማትበሉት ቢሆንም ሳትቆርጡ በፊት እጠቡት፣ ምክንያቱም ቢላው ላዩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ይዞ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ከዚያ አድርቁት፤ እርጥብ ፍሬ ከእጅ ያመልጣል።

በብርቱካን ጀምሩ። ጎኑ ወደ ላይ እንዲሆን አጋድማችሁ ያዙት፤ ወገቡ ላይ ቢላውን ሰያፍ አድርጋችሁ እስከ መሃሉ ድረስ አስገቡና አውጡ። ቀጥሎ በተቃራኒው አጋድላችሁ፣ ልክ የመጀመሪያው ቁርጥ ያለቀበት ጫፍ ላይ እንዲገናኝ አድርጋችሁ ውጉት። እንደ መጋዝ ጥርስ እየሠራችሁ ዙሩትና የጀመራችሁበት ላይ ግጠሙ። ሁለቱን ግማሽ ያዝ አድርጋችሁ ጠምዘዝ ስታደርጉት አበባ የመሰሉ ሁለት ጽዋዎች ይወጣሉ። አልላቀቅ ካለ አትጎትቱት። አንዱ ቁርጥ መሃል አልደረሰም ማለት ነውና በቢላው ጫፍ ፈልጋችሁ ድገሙት። ኪዊም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

አሁን ወደ ምወደው፣ የፖም ክንፍ። ፖሙን ለአራት ክፈሉት። ከአንዱ ሩብ ላይ የዘሩን ቦታ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ልጣጩ ወደ ላይ ሆኖ ሳይወላገድ እንዲቀመጥ። ከዚያ ጀርባው ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድ ከግራ አንድ ከቀኝ ወደ ውስጥ ያጋደሉ ቁርጦች አድርጉ። ሲገናኙ እንደ ጀልባ ያለች ቀጭን ቁራጭ ትወጣለች። ወደ ጎን አስቀምጧት። ከእሷ ቦታ በሁለቱም በኩል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ያንኑ ድገሙ፣ ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም። እየሰፋ ይሄዳል። ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ አንዱ ቁርጥ መገናኛውን አልፎ ከሄደ ቀጣዩ ቁራጭ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወደ ታች ስትጠጉ ቀስ በሉ፤ ሁለቱ ቁርጦች ሲገናኙ ቁራጩ ከታች ለቀቅ ሲል በእጃችሁ ይታወቃችኋል፣ እዚያው አቁሙ። ከተሰበረም ብሉትና ቀጥሉ፣ ፖም ነው።

ሲያልቅ ቁራጮቹን አንዱን በሌላው ውስጥ መልሳችሁ ግጠሙና በአውራ ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ገፋ ገፋ አድርጓቸው። ክንፍ ይዘረጋል።

ፖም ግን ቶሎ ይጠቁራል። ሲቆረጥ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ከአየር ኦክስጅን ጋር ስለሚገናኝ ነው። አንድ ኩባያ ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩና ቁራጮቹን ለ5 ደቂቃ ንከሩ። የሎሚ ጣዕም ካልፈለጋችሁ ለአንድ ኩባያ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውም ይሠራል፤ በኋላ ግን ለቅለቅ አድርጉት።

እንጆሪ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው። ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት። ከታች በኩል ዙሪያውን አራት ቦታ፣ ከላይ ወደ ታች ስስ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ግን እንዳይለያይ ሥሩ ላይ ተዉት። እያንዳንዱን በቢላው ጎን ወደ ውጭ ጎንበስ አድርጉት። ከፍ ብላችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ መሃል መሃል፣ ሁለተኛ ዙር ሥሩ። ጽጌረዳ ወጣ። እንጆሪው ለስላሳ ከሆነ ግን የቆረጣችሁት የአበባ ቅጠል ይወድቃል።

ሐብሐብ በቅርጫት መልክ ሲሠራ ያምራል። የኔ የመጀመሪያው ግን እንግዶች በር ላይ ሆነው ነው መያዣው ቀንጠስ ያለው። ጥፋቱ መያዣው ከወገቡ ቁርጥ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ነበር፤ ቢላው ጥጉን አልፎ ገብቶ መያዣውን አዳክሞት ኖሯል። መጀመሪያ እንዳይንከባለል ከሥሩ ስስ ልጣጭ ግፈፉ፣ ቀዩ ሳይደርስ፤ ከደረሰ ያፈሳል። መያዣው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሰፋ መስመሩን በስቴኪኒ ጫሩ። ከላይ እስከ ወገቡ ወደ ታች፣ ከዚያ ወገቡ ላይ አግድም ቁረጡ። ከጥጉ 1 ሳንቲ ሜትር ሲቀር ትልቁን ቢላ አውጡና በትንሹ ጨርሱት። ሁለቱን ቁራጮች አንሱ፣ ከመያዣው ሥር ያለውን ቀይ በማንኪያ አውጡ። መያዣው ላይ ከነጩ ጋር ትንሽ ቀይ ብትተዉለት ይጠነክራል። ውስጡ የተጠራቀመውን ውኃ ሳትደፉ ፍሬ አትሙሉበት፣ ሁሉም ይርስበታል።

የተቀረጸውን በእርጥብ ሶፍት ሸፍናችሁ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ በዚያው ቀን እንዲበላ። ጠረጴዛ ላይ ከወጣ ከ2 ሰዓት በላይ አታቆዩት። በስቴኪኒ ካያያዛችሁት ደግሞ ስንት እንደሰካችሁ ቁጠሩ፣ ልጆች ካሉ ከማቅረባችሁ በፊት ሁሉንም ንቀሉ።