በግል ሥራ አቅጣጫ ለጠፋባችሁ

በግላችሁ እየሠራችሁ «ግን ወዴት እየሄድኩ ነው?» የሚል ጥያቄ ከያዛችሁ ይቺን ሞክሯት። ማታ ማታ ሁለት መስመር ብቻ ጻፉ። ዛሬ ሰዓቱን ያስረሳኝ ሥራ የቱ ነው? እየተጎተትኩ የጨረስኩትስ? ለ4 ሳምንት ሳታቋርጡ። ክፍያውን አትጻፉ፤ ገንዘብ ከገባበት ስሜታችሁን በትክክል አታዩትም። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚደጋገም ነገር አይጠፋም። እኔ የምወደው ዲዛይን ይመስለኝ ነበር። ደብተሬ ላይ ደጋግሞ የመጣው ግን ጀማሪዎችን ማስተማር ሆነ። በጣም ነው የገረመኝ! ደንበኞቻችሁን ግን ወዲያው አትተዉ፣ ኪራይ አለ። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ስልክ ሳትከፍቱ፣ ሰዓቱን ደጋግሞ ላስረሳችሁ ሥራ ስጡ። አዲስ ሥራ ከመቀበላችሁ በፊትም ደብተሩን ገለጥ አድርጉት።