የጣራን ውሃ በደንብ መያዝ

ሐምሌ ላይ ከመንገዳችን መጨረሻ ያሉ እማማ ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ሶፋቸው ጎርፉን ሽሽት አራት ብሎኬት ላይ ቆሟል። «የናንተ ውሃ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። እውነታቸውን ነው። ከላይ ያለነው ሰዎች ግቢያችንን ሴራሚክ አልብሰን፣ አሸንዳውን በቱቦ ወደ መንገድ ለቀነዋል። የኔም ቱቦ አለበት። የቤቶች ማህበራችን ጸሐፊ ነኝና ከዚያ ቡና በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኮተቤ ቁልቁለት ላይ ነን፣ 24 ቤት። የጣራ ውሃ ደንባችንን ለማውጣት ሦስት ስብሰባ ፈጀብን። እናንተም ሰፈር ይህ ችግር ካለ፣ እኛ የተሳሳትንበትን አትድገሙት።

መጀመሪያ የጻፍነው «እያንዳንዱ ነዋሪ የጣራውን ውሃ በአግባቡ ያስወግድ» የሚል ነበር። የትም አላደረሰንም። ሁሉም «እኔማ በአግባቡ ነው» ይላል። ደንብ ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥሩ ደግሞ ቀላል ነው፦ 1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ነው። እኛ ለአንድ ዝናብ 20 ሚሊ ሜትር ያዝን። የአዲስ አበባ ክረምት ከሰዓት በኋላ አንዴ ዶፉን ካወረደው ይህ አያቅተውም። ስለዚህ ደንቡ «ለእያንዳንዱ 10 ካሬ ጣራ 200 ሊትር ግቢ ውስጥ ይያዝ» ሆነ። የኔ ጣራ 120 ካሬ ነው፤ 2,400 ሊትር አለብኝ። የሚለካው ክዳኑ መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት ነው እንጂ ቆርቆሮው ተዘርግቶ አይደለም። ይህንንም ጻፉት፤ እኛን ግማሽ ሰዓት አጨቃጭቆናል።

በመጀመሪያው ክረምት ብዙዎቻችን 2,000 ሊትር ሮቶ ገዝተን ተገላገልን አልን። ነሐሴ ላይ መንገዱ እንደገና ጎርፍ። ሮቶው ሙሉ ነዋ! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የሞላ ታንከር የሚያፈስ ሰው የለም። የሞላ ታንከር ደግሞ ለጎርፍ እንደሌለ ነው። መላው ይኸውላችሁ፦ የሮቶው ወገብ ላይ የግማሽ ኢንች መውጫ አስበሱና ክፍት ተዉት። ከወገብ በታች ያለው ለልብስና ለአትክልት ይቀመጣል። ከወገብ በላይ ያለው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ይወርድና ለነገው ዝናብ ቦታ ይለቃል። ደንባችን አሁን የሚቆጥረው የላይኛውን ግማሽ ብቻ ነው፤ 1,000 ሊትር።

የቀረኝን 1,400 ሊትር መሬቱ ላይ አገኘሁት። ከሴራሚኩ 9 ካሬ አስነስቼ፣ አፈሩን ከዙሪያው 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ ሣር ተከልኩበት፤ 900 ሊትር ይይዛል። ባለቤቴ «መኪናው የት ሊቆም ነው?» አለች፤ እስካሁንም ትላለች። ሌላው 500 ሊትር የሚገባው ድንጋይ የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ 1 ሜትር። በድንጋዮቹ መሃል የሚተርፈው ክፍተት የጉድጓዱን ሲሶ ያህል ነው።

ጉድጓዱ ላይ ግን ረጋ በሉ። የታችኞቹ ቤቶች ዋልካ ላይ ናቸው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መሠረት አጠገብ ውሃ ካጠጣችሁት ግድግዳ ይሰነጥቃል። እኛ ከመሠረትም ከጎረቤት አጥርም 5 ሜትር ይራቅ ብለናል። መሬቱ ውሃ ማስረጉን የምትሞክሩት በበጋ አይሁን፤ መጋቢት ላይ የዋልካው ስንጥቅ ባልዲውን ሙሉ ውጦ ያሞኛችኋል። ሐምሌ ላይ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። በማግስቱ ካልሰረገ ለዚያ ቤት ጉድጓድ አይቆጠርለት፣ ሮቶ ይጨምር።

የጣራ ውሃን ከሽንት ቤት መስመር ጋር መቀጠልንም ከልክሉ። ምን እንደሚገነፍል መንገር አያስፈልገኝም። ኮብልስቶን ያነጠፈ ሁሉ ደግሞ «የኔ ውሃ ያሳልፋል» ይላል፤ መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ከሞላው ያው ኮንክሪት ነው።

ቅጣት አላስቀመጥንም። ጎረቤት መቅጣት ያቀያይማል። የቦይ ጠረጋ መዋጮ ከጥበቃ ክፍያ ጋር ይሰበሰባል፤ ሊትሩን ያሟላ ግማሹን ብቻ ይከፍላል። አዲስ ለሚሠራ ወይም ፎቅ ለሚጨምር ሌላ መንገድ አለ። የማህበር ደንብ ሕግን አይተካም፤ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው በሕንፃ አዋጁ ሥልጣን የተሰጠው የመንግሥት አካል ነው። ስለዚህ ፕላን የሚሠራው ባለሙያ ሮቶውን፣ ዝቅ ያለውን ሣርና የትርፍ ውሃውን መውጫ ሳይት ፕላኑ ላይ እንዲያሰፍር አድርጉ። ፈቃድ በወጣበት ስዕል ላይ ያለን ነገር በኋላ «ረሳሁት» ማለት ይከብዳል።

ፍተሻችን ግንቦት መጨረሻ፣ እሁድ ጠዋት ነው። ሦስት ሆነን በየግቢው እንዞራለን። አሸንዳው ተጠርጓል ወይ? የሮቶው ወገብ ላይ ያለው መውጫ አልተደፈነም ወይ? ዘንድሮ ሦስት ቤት ጨርቅ ተወትፎበት አገኘን። አንዱ የኔ ነበር።