የጎን ንፋስ ሲያላጋ ትልቅ አውሮፕላን እንዴት ነው ሚያርፈው?

አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ጎን አዙሮ እንደ ሸርጣን እየመጣ ሲያርፍ ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ ይሆናል፣ ኮመንቱ ሁሉ "ጀግና ፓይለት" ነው። ጀግንነት አይጠፋውም፣ ግን አብዛኛው ስራ ሂሳብ ነው።

1. መጀመሪያ ንፋሱን ማስላት። ረንዌይ (ማኮብኮቢያው) ላይ የተጻፈው ቁጥር አቅጣጫው ነው፣ 23 ማለት 230 ዲግሪ። የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ታወር ንፋሱ ከየት በስንት ኖት (የፍጥነት መለኪያ ነው) እንደሚመጣ ይናገራል፣ የሁለቱ ልዩነት 90 ከሆነ ሙሉው ከጎን ይመታል፣ 30 ከሆነ ግማሹ። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2008 ሀምቡርግ ላይ አንድ የሉፍታንዛ ኤ320 አውሮፕላን ረንዌይ 23 ላይ ሊያርፍ ሲል ንፋሱ ከ300 ዲግሪ 33 ኖት፣ ሲያይል 47 ነበር፣ ልዩነቱ 70 ስለሆነ ሲያይል የጎኑ ብቻ 44 አካባቢ ይመጣል፣ አምራቹ በሙከራ ያሳየው ደግሞ እስከ 38 ነው። የግራ ክንፉ ጫፍ አስፋልቱን ጫረው! ሞተር ሰጥተው ተነሱና ዞረው ረንዌይ 33 ላይ አረፉ፣ እዛ ልዩነቱ 30 ብቻ ነው፣ ያው ንፋስ ቢሆን 23 ኖት ገደማ ማለት ነው። 137ቱም ሰው በሰላም ወረደ።

2. ረንዌዩ እንዴት ነው? ከ6 እስከ 0 ኮድ አለው፣ 6 ደረቅ፣ 5 እርጥብ፣ 1 በረዶ ግግር፣ 0 ከሆነ አይታሰብም። ኮዱ ሲወርድ የሚፈቀደው የጎን ንፋስም አብሮ ይወርዳል።

3. ንፋሱ ሚቆራረጥ ከሆነ ስፒድ ላይ ጥቂት ኖት መጨመር። ብዙ ከተጨመረ ግን ረንዌዩ ያልቃል።

4. አሁን ዋናው። አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አዙሮ መምጣት፣ ይሄ ክራብ ይባላል፣ አውሮፕላኑ ጠማማ ይመስላል እንጂ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ልክ ሊነካ ሲል ንፋሱ ከቀኝ ከሆነ ግራ ፔዳል ተረግጦ አፍንጫው ይቀናል፣ በዛው ቅጽበት እጅ ቀኝ ክንፉን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ አለዚያ ንፋሱ ይዞት ይሄዳል። ትንሽ ነው ያልኩት፣ ከበዛ ሞተሩ መሬት ይነካል።

5. ዷ አድርጎ ማሳረፍ። እኛ ለስላሳ ሲያርፍ ነው ምናጨበጭበው፣ እርጥብ ረንዌይ ላይ ግን ለስላሳው ነው ሚያስፈራው ምክንያቱም ጎማው ውሃውን ሳይሰብር ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ያኔ ብሬክ ቢረገጥ ምንም የለም። ስለዚህ ወገባችሁን ሲነቀንቃችሁ ፓይለቱን አትሙት።

6. መስኮት ጋ ከሆናችሁ ክንፉ ላይ ክዳን መሳይ ነገሮች ብድግ ሲሉ ታያላችሁ፣ ስፖይለር ናቸው፣ ክብደቱን ጎማው ላይ ይጥሉታል። ከዛ ብሬክና ሪቨርስ፣ ማለትም የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት አዙሮ ፍጥነት መቀነስ። መንሸራተት ከጀመረ ደግሞ ሰው ያላሰበውን ነው ሚያደርጉት፣ ሪቨርሱ ራሱ ወደ ጎን ስለሚጎትት ይቀነሳል፣ ብሬኩም ይለቀቃል፣ መሀል መስመሩ ላይ ከተመለሱ በኋላ እንደገና።

7. ካላማረ ጎ አራውንድ፣ ማለትም ማረፉን ትቶ እንደገና መነሳት። ጎማ መሬት ከነካ በኋላም ይቻላል፣ ሪቨርስ እስካልተከፈተ ድረስ። ከተከፈተ በቃ፣ እዛው መቆም ነው።