ስቴሮይድ ሲቀነስ የሚነሣ ሕመም፦ ማገርሸቱን ከሌላው መለየት

ሥር በሰደደ የብግነት በሽታ ምክንያት ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን ለወራት ሲወስድ የቆየ ሰው መጠኑን መቀነስ ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሰውነቱ ተሳስሮ፣ መገጣጠሚያው እየጠዘጠዘው ሲነሣ መጀመሪያ የሚያስበው «በሽታው ተመለሰ» ብሎ ነው። ግምቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ስሜት የሚፈጥሩ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ የየራሳቸው መፍትሔም አላቸው። ሕመም በተሰማ ቁጥር መጠኑን ከፍ የሚያደርግ ሰው ከስቴሮይድ ሳይላቀቅ ዓመታት ሊያልፉበት ይችላሉ፤ እውነተኛውን ማገርሸት «ያልፋል» እያለ የሚታገሥ ደግሞ በመገጣጠሚያው ወይም በኩላሊቱ ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። መጠን የመለወጡ ውሳኔ ከሚከታተልዎት ሐኪም ጋር የሚወሰድ ሆኖ፣ ምልክቱን በትክክል ለይቶ ማቅረብ ግን በአብዛኛው የታማሚው ድርሻ ነው።

ማስታወክ፣ ሲቆሙ መዝለፍለፍ፣ ግራ መጋባት

ይህኛው ቀጠሮ አይሰጥምና መቅደም አለበት። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ሁለቱ አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን በየቀኑ ያመነጫሉ፤ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ደግፎ የሚይዘው፣ ሰውነትም ትኩሳትንና ጉዳትን እንዲቋቋም የሚያደርገው እርሱ ነው። ስቴሮይድ ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው በላይ በሆነ መጠን ከ3 እስከ 4 ሳምንት አልፎ ሲወሰድ አንጎል ለዕጢዎቹ የሚልከውን ትእዛዝ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ዕጢዎቹም ሥራ ይፈታሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ክኒኑ በድንገት ቢቆም፣ የተዋጠው እየወጣ ሰውነት ሳያገኘው ቢቀር፣ ወይም ከባድ ኢንፌክሽን ቢይዝ ሕይወትን የሚያሰጋ የኮርቲዞል እጥረት ይከሰታል። መፍትሔው ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድና ስቴሮይድ እንደሚወስዱ አስቀድሞ መናገር ነው። ለአዋቂ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን ወዲያውኑ በመርፌ ይሰጣል፤ የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም። ራሱን የሳተ ሰው መናገር ስለማይችል፣ ስቴሮይድ ተጠቃሚ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ሁልጊዜ በኪሱ መኖሩ ጠቃሚ ነው።

መላ ሰውነትን መቆረጣጠም፣ ድካምና መከፋት፣ ነገር ግን እብጠት የሌለበት

መጠኑ በተቀነሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጀምር፣ አንድ ቦታ የማይረጋ፣ እንቅልፍንና ስሜትን አብሮ የሚያውክ ሕመም ብዙ ጊዜ ሰውነት ከለመደው ከፍተኛ መጠን የመላቀቁ ምልክት ነው፤ ዕጢው በቂ ኮርቲዞል እያመነጨ እንኳ ሊሰማ ይችላል። ከማገርሸት ለመለየት ጥቂት ጥያቄዎች ይረዳሉ። መገጣጠሚያው አብጦ ይሞቃል? ትናንት የሚወልቀው ቀለበት ዛሬ አልወጣ ብሏል? ጠዋት የሚሰማው መገተር ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል? ሕመሙ ያለው በሽታው መጀመሪያ በተነሣበት ቦታ ነው? መልሱ በአብዛኛው «አይደለም» ከሆነ፣ በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው ሲአርፒ የተባለው የደም ምርመራም ከፍ ካላለ፣ መላቀቁን መጠርጠር ተገቢ ነው። ነገር ግን ቶሲሊዙማብ የተባለውን የብግነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሽታው ተነሥቶበትም ሲአርፒው ዝቅ እንዳለ ሊቀር ስለሚችል ውጤቱ ብቻውን አያስተማምንም።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ትዕግሥት ነው፤ ሳይጨምሩም ሳይቀንሱም ባሉበት መጠን ሲቆዩ በሳምንታት ውስጥ እየለዘበ ይሄዳል። ፈጽሞ ካልተቻለ ደህና ወደነበሩበት የመጨረሻ መጠን ተመልሶ ቀጣዩን እርምጃ ማሳነስ ይሻላል። በዚህ ላይ ስሌቱን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ከ40 ወደ 35 ሚሊግራም መውረድ የ12.5 በመቶ ቅናሽ ሲሆን፣ ከ10 ወደ 5 መውረድ ግን የተቀነሰው ያው 5 ሚሊግራም ሆኖ ሳለ ግማሹን መንጠቅ ነው። ፖሊማያልጂያ ሩማቲካ በተባለው፣ ትከሻንና ዳሌን በሚያሳምም የብግነት በሽታ ከ10 ሚሊግራም በታች በየ4 ሳምንቱ 1 ሚሊግራም ብቻ እንዲቀነስ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ለሕመሙ ማስታገሻ ቢያስፈልግ፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከስቴሮይድ ጋር ሲወሰዱ ጨጓራን የማቁሰልና የማድማት አደጋቸው ስለሚጨምር ያለ ሐኪም ምክር ባይወሰዱ ይመረጣል።

እብጠት፣ ሙቀት፣ ረጅም የጠዋት መገተር፣ ወይም የበሽታው የቀድሞ ምልክት መመለስ

ይህ እውነተኛው ማገርሸት ነው፤ በአንጀት ብግነት ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ሉፐስ በተባለው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን በሚያጠቃበት በሽታ የቆዳ ሽፍታ ወይም የእግር ማበጥና አረፋ የሚደፍቅ ሽንት፣ በአስም የሌሊት ሲርሲርታ ሆኖ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች እና ባልደረቦቻቸው ኮርቲዞን የተባለውን ስቴሮይድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩማቶይድ አርትራይተስ ለተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ሲሰጡ ታማሚዎቹ በቀናት ውስጥ ተሻላቸው፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን ሕመሙ ተመለሰ። ስቴሮይድ ብግነቱን ያበርደዋል እንጂ መንሥኤውን አያጠፋውም።

ስለዚህ «ምን ያህል ልጨምር?» ከማለት በፊት «ለምን ተመለሰ?» ማለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። አንዱ ምክንያት ስቴሮይዱን ይተካል የተባለው መድኃኒት ገና ሥራ አለመጀመሩ ነው፤ ሜቶትሬክሴት ሙሉ ጥቅሙን ለማሳየት እስከ 12 ሳምንት፣ ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ደግሞ ወራትን ይፈልጋል። ሌላው፣ ታማሚው ሲሻለው ይህንኑ መድኃኒት በራሱ መተዉ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመድኃኒቶች መጋጨት ነው፤ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበት ፕሬድኒሶሎንን ቶሎ እንዲሰባብር ስለሚያደርጉ፣ የሚዋጠው መጠን ሳይለወጥ በደም ውስጥ ያለው ያንሳል።

ለምሳሌ በፖሊማያልጂያ ሩማቲካ የተለመደው መፍትሔ ከማገርሸቱ በፊት ወደነበረው መጠን መመለስና ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሕመሙ ወደተነሣበት መጠን ቀስ ብሎ መውረድ ነው። በሽታው ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ የሚመለስ ከሆነ ግን ያለው መፍትሔ ሌላ መድኃኒት መጨመር ወይም መቀየር ነው እንጂ በዚያው ደረጃ መመላለስ አይደለም። ያበጠው አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ሲሆን፣ ኢንፌክሽን አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ እዚያው የስቴሮይድ መርፌ መወጋት ክኒኑን ከመጨመር ሊያድን ይችላል። ጃየንት ሴል አርተራይተስ የተባለው የደም ሥር ብግነት ያለበት ሰው አዲስ ራስ ምታት፣ ሲያኝክ የመንጋጋ ሕመም ወይም የዓይን ብዥታ ከተሰማው ዓይነ ስውርነት ሊከተል ስለሚችል በዚያው ሰዓት መታየት አለበት።

5 ሚሊግራም አካባቢ ሲደርሱ የማይለቅ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ክብደት መቀነስ

ሰውነት ራሱ በቀን የሚያመነጨው ኮርቲዞል በፕሬድኒሶሎን ሲሰላ ከ4 እስከ 6 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ሲወረድ የዕጢው ድክመት ይገለጣል። ካለፈው ክኒን 24 ሰዓት ቆይቶ፣ የዕለቱ ሳይዋጥ በጠዋት የሚለካ ኮርቲዞል መልስ ይሰጣል። በሊትር ከ300 ናኖሞል በላይ ከሆነ ዕጢው አገግሟል፤ ከ150 በታች ከሆነ በዚያው አነስተኛ መጠን ቆይቶ ከወራት በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ማገገሙ ከዓመት በላይ የሚወስድባቸው ሰዎች አሉ።

የብሽሽት፣ የወገብ ወይም የጭን ችግር ብቻ

እነዚህ ከበሽታው ይልቅ ከስቴሮይዱ የሚመጡ ጉዳቶች ሊሆኑ ይችላሉ፦ ሲራመዱ የሚብስ የብሽሽት ሕመም የዳሌ አጥንት ደም ማጣት፣ ድንገተኛ የጀርባ ሕመም የሳሳ አጥንት ስብራት፣ ሕመም የሌለው የደረጃ መውጣት አቅም ማጣት የጡንቻ መዳከም። መጠኑን መጨመር ሦስቱንም ያብሳል፤ የሚያስፈልገው የምስል ምርመራና የአጥንት ሕክምና ወይም የጡንቻ ማጠናከሪያ ነው።

ትኩሳት፣ ሳል ወይም የቆየ ላብ

ስቴሮይድ ትኩሳትን ስለሚሸፍን ቀላል ሙቀት እንኳ በዚህ ጊዜ ቀላል አይባልም፤ ኢንፌክሽን ማገርሸትን ሊመስል ይችላል፣ ማገርሸትንም ሊቀሰቅስ ይችላል። መጠን ከመጨመሩ በፊት ሐኪም መርምሮ መለየት አለበት። ኢንፌክሽን መሆኑ ሲታወቅ ስቴሮይዱን በራስ ውሳኔ ማቆም ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የሰነፈው ዕጢ ሊሰጥ የማይችለውን ኮርቲዞል ሰውነት አብዝቶ የሚፈልገው በዚያን ጊዜ ነውና፣ ትኩሳት ቢመጣ ለስንት ቀን ምን ያህል እንደሚወስዱ ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው አስቀድመው ጽፈው ይያዙ።